ልጁን ከነቤቱ መርዳት፦ በድሬዳዋ ለችግር የተጋለጡ ሕፃናትን ቤት ለቤት ለሚጎበኙ

በድሬዳዋ ቀበሌዎች ውስጥ ወላጆቻቸውን በሞት ያጡ፣ እናታቸው አረብ አገር ሄዳ አያት ዘንድ የቀሩ፣ ከቀያቸው ተፈናቅለው ዘመድ ቤት የተጠጉ፣ ወይም ወላጅ እያላቸው በሕመም፣ በድህነትና በጠብ ምክንያት የሚያያቸው አጥተው የሚውሉ ልጆች አሉ። አብዛኞቹ የአእምሮ ጤና ባለሙያ ፊት ቀርበው አያውቁም፤ የቀረቡትም ቢሆኑ ታይተው የሚመለሱት ወደዚያው ቤት ነው። ይህ ጽሑፍ የተዘጋጀው ወደ እነዚህ ቤቶች በየሳምንቱ ለሚሄዱ በጎ ፈቃደኞች፣ ለጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዎች፣ ለማኅበራዊ ሠራተኞች፣ እንዲሁም ከእድር ወይም እድር መሰል ከሆነው ከአፎቻ ተወክለው የጎረቤታቸውን ልጅ ለሚከታተሉ ሰዎች ነው። በሽታ መሰየምንና መድኃኒት ማዘዝን አያስተምርም፤ እሱ የባለሙያ ሥራ ነው። የሚያሳየው ልጁ የሚኖርበት ቤት እንዲረጋጋ፣ አሳዳጊውም እንዲበረታ ከቤተሰቡ ጋር እንዴት እንደሚሠራ ነው።

በሳምንት ውስጥ 168 ሰዓታት አሉ። ጎብኚው ከእነዚህ ውስጥ አንዱን ሰዓት ከልጁ ጋር ቢያሳልፍ ቀሪዎቹ 167ቱ የአሳዳጊዋ ናቸው። ልጁን እኔ ራሴ አረጋጋዋለሁ ብሎ የተነሣ ጎብኚ ያችን አንድ ሰዓት ብቻ ይዞ ይቀራል፤ አሳዳጊዋን ያበረታ ጎብኚ ግን ሌሊቱንም ጭምር ያገኘዋል። ከዚህ በታች የተጻፈው ሁሉ የሚነሣው ከዚህ ነው፤ ስለዚህም ብዙው ምክር ስለ ልጁ ሳይሆን ስለ አያቱ፣ ስለ እናቱ ወይም ስለ ታላቅ እኅቱ ሆኖ ቢገኝ አንባቢ አይደነቅ።

ከመሄድ በፊት

የጉብኝት ሰዓት መምረጥ ቀላል ጉዳይ ይመስላል፤ በድሬዳዋ ግን የጉብኝቱን ውጤት ከሚወስኑት ነገሮች አንዱ ነው። ከጠዋቱ 2 ሰዓት ተኩል እስከ 4 ሰዓት ተኩል ድረስ ቤቱ ተጠርጎ፣ አየሩም ገና ሳይግል፣ ሰው ረጋ ብሎ ሊነጋገር ይችላል። ቀትር ላይ በቆርቆሮ ጣሪያ ሥር ያለው ሙቀት ትልቁንም ትንሹንም ያዝለዋል፤ ከዚያ በኋላ ደግሞ በብዙ ቤት በርጫ፣ ማለትም የጫት መቃሚያው ሰዓት፣ ይደርሳል። በምርቃና ላይ ያለ አባት ልጁን ከነገ ጀምሮ ራሱ ትምህርት ቤት እንደሚያደርሰው፣ ዳግመኛም እጁን እንደማያነሣበት ከልቡ ቃል ይገባል፤ ምርቃናው ሲወርድ ግን ቃሉም አብሮ ይወርዳል፤ ጫት ሳይቅም ባደረበት ሌሊትም ዱካክ የሚባለው ቅዠት ስለሚጫነው በማግስቱ ቶሎ ይቆጣል። ስለዚህ ከአባት ጋር የሚደረግ ቁም ነገር ሁሉ ለጠዋት ይቆይ። በረመዳን ወር ከሰሑር በኋላ ተኝተው የሚያረፍዱ ቤቶች ስላሉ፣ የሚመቸውን ሰዓት አስቀድሞ መጠየቅ ያስፈልጋል።

አማርኛ፣ ኦሮምኛና ሶማሊኛ በአንድ ግቢ ውስጥ በሚሰሙበት ከተማ፣ ጎብኚው የቤቱን ቋንቋ የሚናገር ወይም የሚናገር ጓደኛ ይዞ የሚሄድ መሆን አለበት። ሰው ኀዘኑን የሚናገረው አፉን በፈታበት ቋንቋ ነው። ልጁን አስተርጓሚ ማድረግ ፈጽሞ አይገባም፤ የአያቱን ለቅሶ ለእንግዳ እንዲተረጉም የተጠየቀ ልጅ ለዕድሜው ያልተሰጠ ሸክም ይጫንበታል። አያትየዋን በአማርኛ እማማ፣ በኦሮምኛ አኮ ወይም በሶማሊኛ አዬዮ ብሎ እንደቤቱ ደንብ መጥራትም ብዙ በር ይከፍታል።

በተከራይ በተሞላ ግቢ የአንዱ ቤት ወሬ ለሌላው ሩቅ አይደለም። በመኪና መሄድ፣ የድርጅት ምልክት ያለበት ልብስ መልበስና ደብተር ዘርግቶ መጻፍ፣ ሦስቱም ቤቱን ለጎረቤት ያሳብቁታል። በመጀመሪያው ቀን ዱቄት ወይም ዘይት ይዞ መግባትንም አልደግፍም፤ ቤተሰቡ በእርግጥ ረኀብ ላይ ካልሆነ በቀር ስጦታው ጎብኚውን ዕርዳታ አከፋፋይ ያደርገዋል፤ ከዚያ በኋላ የሚነገረውም ችግር ዕርዳታ የሚያስገኘው ችግር ብቻ ይሆናል።

የመጀመሪያው ንግግር ግልጽና አጭር ይሁን፦ «እማማ፣ ከቀበሌው የመጣሁት ልጆቹ እንዴት እንዳሉ፣ እርስዎም እንዴት እንደከረሙ ለመጠየቅ ነው። በየሳምንቱ ማክሰኞ ጠዋት ብመጣ ይፈቅዱልኛል? ካልተመቸዎ እንቢ ማለት ይችላሉ፤ በዚህ ምክንያት ከቀበሌ የሚያጡት ነገር የለም። የሚነግሩኝን ለሌላ ሰው አላወራም፤ ልጅ ወይም አዋቂ አደጋ ላይ መሆኑን ካወቅሁ ብቻ ግን ለሚመለከተው አካል መናገር አለብኝ።» የመጨረሻው ዐረፍተ ነገር በኋላ ሳይሆን በመጀመሪያው ቀን መነገር አለበት፤ ምስጢር ከሰሙ በኋላ «ይህንንስ መደበቅ አልችልም» ማለት እንደ ክህደት ይቆጠራል።

ማክሰኞ ካሉ ደግሞ ማክሰኞ ይሂዱ። እናቱ «ቶሎ እመጣለሁ» ብላው ሦስት ዓመት የቀረችበት ልጅ ቀን ይቆጥራል። መቅረት ግድ ከሆነ አስቀድሞ በስልክ ልጁ እንዲሰማው አድርጎ መንገርና የሚመጡበትን ሌላ ቀን መቁረጥ ያስፈልጋል። ጎበዝ ተናጋሪ ሆኖ ከሚቀር ጎብኚ ዝምተኛ ሆኖ በቀኑ የሚደርሰው እንደሚሻል በተደጋጋሚ አይቻለሁ።

መጀመሪያ ቀኑን ይጠይቁ

«የልጁ ችግር ምንድን ነው?» የሚለው ጥያቄ አሳዳጊዋን ወደ ክስ ይመራታል፤ ልጁም በር ሥር ቆሞ ስሙ ሲነሣ ይሰማል። ከዚያ ይልቅ «ትናንት ከነጋ ጀምሮ እስከ መኝታ ድረስ ቤታችሁ እንዴት ዋለ?» ብሎ መጠየቅ ይሻላል። ቀን ሲተረክ ሁሉም ነገር ይወጣል፦ ማን ቀድሞ እንደሚነሣ፣ ቁርስ ይኑር አይኑር፣ ውኃ ማን እንደሚቀዳ፣ ልጁ ከትምህርት ቤት ሲመለስ ቤት ውስጥ ማን እንደሚያገኝ፣ ማን ከማን ጋር እንደሚተኛ፣ ቁጣ በየትኛው ሰዓት እንደሚነሣ። አሳዳጊዋ እየተናገረች ሳለ ዓይንም ሥራውን ይሥራ። ልጁ ሲደነግጥ ወደ ማን ይሸሻል? ሕፃኑ ሲያለቅስ የምታነሣው እናቱ ናት ወይስ የ10 ዓመት እኅቱ? አያትየዋ ሲስቁ ፊታቸው አብሮ ይስቃል?

ከደቻቱ ወንዝ ብዙም በማይርቅ አንድ ቤት ውስጥ፣ ሰማዩ በጠቆረ ቁጥር ትምህርት ቤት አልሄድም የሚል የ9 ዓመት ልጅ ነበር። ስንፍና ነው ተብሎ ተገርፏል። እናቱን ሌሊት ዝናብ ሲመጣ ቤታቸው ምን እንደሚመስል ስንጠይቃት፣ ልጆቹን ቀስቅሳ፣ ልብስና ጫማ አልብሳ፣ መታወቂያዋንና የልጆቹን የልደት የምስክር ወረቀት በፌስታል ጠቅልላ እስኪነጋ በር ሥር እንደምትቀመጥ ነገረችን። በ1998 ዓ.ም. ክረምት ደቻቱ በሌሊት ሞልቶ ከ200 በላይ ሰዎች ሲሞቱ እሷ የልጇ እኩያ ነበረች። ልጁ ያንን ጎርፍ አላየውም፤ ፍርሃቱን የተማረው ከእናቱ ፊት ነው። ደጋው ላይ ሲዘንብ ከተማው ደረቅ ሆኖ እንኳ አሸዋው፣ ማለትም ደረቁ የወንዝ መውረጃ፣ ሊሞላ ስለሚችል «አትፍሪ» ማለት ውሸት ይሆን ነበር። ስለዚህ የትኛው ከፍታ ቦታ እንደሚሸሹ፣ ጎርፍ ቢመጣ የትኛው ጎረቤት በራቸውን እንደሚያንኳኳ፣ ፌስታሉም ሁልጊዜ በየትኛው ምስማር ላይ እንደሚንጠለጠል አብረን ቆረጥን፤ መንገዱንም ልጁ ራሱ እየመራ በጠራ ቀን ሁለት ጊዜ ሄዱበት። ከዚያ በኋላ ጎረቤቷ እስካልጠራት ድረስ ልጆቹን ላለመቀስቀስ ተስማማች። ልጁ ወዲያውኑ አልዳነም፤ ነገር ግን የመጀመሪያው ለውጥ የታየው እናቱ መተኛት ከጀመረች በኋላ ነው።

ምን ማስተዋል እንደሚገባ

ከ6 ዓመት በታች ያለ ልጅ ጭንቀቱን በቃል አይናገርም፤ ትቶት የነበረውን የአልጋ ላይ ሽንት ይጀምራል፣ ከአሳዳጊው ቀሚስ አልለቅም ይላል፣ በቅዠት ይነቃል፣ ይናገር የነበረውን ቃል ይቀንሳል። የትምህርት ዕድሜ ላይ ያለው ሆዴን ወይም ራሴን አመመኝ ይላል፣ ይጣላል፣ ይሰርቃል፣ ወይም ደግሞ ከመጠን በላይ ታዛዥ ይሆናል፤ ይህ የመጨረሻው ማንንም ስለማያስቸግር ብዙ ጊዜ ሳይታይ ያልፋል። ወጣቱ ከጓደኞቹ ይርቃል፣ ቀንን ለእንቅልፍ ሌሊትን ለንቃት ያደርጋል፣ ወደ ጫትና ወደ ሺሻ ያዘነብላል፣ ለወደፊቱ ግድ እንደሌለው ይናገራል። አንድ ቀን መክፋት ሕመም አይደለም። ከሁለት ሳምንት በላይ የቆየ፣ ከመብላት፣ ከመተኛት፣ ከመማር ወይም ከመጫወት የከለከለ ለውጥ ግን ጤና ጣቢያ መታየት አለበት።

ነገሩ ሁሉ ከአእምሮ የመጣ ነው ከማለት በፊት አካሉ ይታይ። የተራበ ልጅ ይነጫነጫል፤ የደም ማነስ ያለበት ይደክማል፤ ጆሮው በደንብ የማይሰማ ልጅ እንቢተኛ ይመስላል፤ ሰሌዳው የማይታየው ደግሞ ሰነፍ ይባላል። ለጥቂት ሰከንዶች ዓይኑን ተክሎ የሚፈዝዝና ሲጠሩት የማይሰማ ልጅ የሚጥል በሽታ አንዱ ዓይነት ሊኖርበት ይችላል።

ስለ አልጋ ላይ ሽንት ጥቂት ልጨምር፤ በየቤቱ ከሚያሳፍሩት ነገሮች ይህን የሚያህል የለም። የረጠበው ፍራሽ ጠዋት አጥር ላይ ወይም ግድግዳ ላይ ተደግፎ ፀሐይ ሲመታው፣ የሰፈሩ ልጆች ሁሉ ምልክቱን እያዩ ወደ ትምህርት ቤት ያልፋሉ፤ ልጁም እስኪያልፉ ድረስ ሽንት ቤት ውስጥ ተደብቆ ያረፍዳል። እዚህ ላይ የሚሰጠው ምክር ቀላል ነው። ፍራሹ ላይ ላስቲክ፣ ከላስቲኩ በላይ የሚታጠብ ጨርቅ ይነጠፍ፤ ጨርቁ በጓሮ ከሌላ ልብስ ጋር ይሰጣ። ውኃ መከልከል በዚህ ሙቀት አደገኛ ስለሆነ ልጁ ቀን ላይ እንደልቡ ይጠጣ፤ የሚቀነሰው ከእራት በኋላ ያለው ብቻ ነው፤ ከመተኛቱ በፊትም ሽንቱን ይሽና። መግረፍና ማሳፈር ነገሩን ያብሱታል። ለወራት ደርቆ ኖሮ እንደገና የጀመረ፣ ሲሸና የሚያቃጥለው፣ ወይም ውኃ እጅግ የሚጠማውና የሚከሳ ልጅ ግን ወደ ጤና ጣቢያ ይወሰድ፤ የሽንት ቧንቧ ኢንፌክሽን ወይም የስኳር በሽታ ሊሆን ይችላል።

በቤት ውስጥ የሚሠራው ሥራ

ሁሉ ነገር በተናወጠበት ቤት መጀመሪያ የሚተከለው የሰዓት ሥርዓት ነው። ከ6 እስከ 12 ዓመት ያለ ልጅ በቀን ከ9 እስከ 12 ሰዓት፣ ከ13 እስከ 18 ዓመት ያለው ደግሞ ከ8 እስከ 10 ሰዓት እንቅልፍ ያስፈልገዋል። በአንድ ክፍል ሰባት ሰው በሚተኛበት ቤት ይህን ማሟላት ከባድ መሆኑን አውቃለሁ፤ ሆኖም ቴሌቪዥኑ የሚጠፋበት ሰዓት ቢወሰን፣ ልጆቹም ከበሩ ርቆ ባለው ጥግ ቢተኙ ብዙ ይረዳል። በሙቀቱ ወራት ውጭ የሚተኙ ከሆነ አንድ የሚታመን አዋቂ አብሯቸው ይሁን። ከመኝታ በፊት ፊትና እግር መታጠብ፣ ተረት መስማት፣ ጸሎት ወይም ዱአ ማድረግ፣ ይኸው ቅደም ተከተል በየማታው ሲደገም ለልጁ ቀኑ ያለ አደጋ ማለቁን ይነግረዋል።

ቀጥሎ በቀን 15 ደቂቃ ለልጁ ብቻ ይሰጥ። በእነዚያ ደቂቃዎች አሳዳጊዋ አታስተምርም፣ አታርምም፣ ስልክ አታነሣም፤ ልጁ የመረጠውን ጨዋታ ትከተላለች። ቆርኪ መደርደር፣ ብይ፣ ሰኞ ማክሰኞ፣ ከአሮጌ ካልሲ የተሠራ ኳስ፣ ሁሉም ይበቃል። የሚሠራውን እያዩ «አሃ፣ ቀዩን ከላይ አደረግኸው» ማለት ብቻ ልጁ እንደታየ ይነግረዋል። አያት መሬት ላይ መቀመጥ ካቃታቸው ልጁ አጠገባቸው መደብ ላይ ይጫወት። በመጀመሪያው ሳምንት ጎብኚው ራሱ ያሳይ፤ በሁለተኛው አያትየዋ ሲያደርጉ ይመልከት፤ በሦስተኛው እንዴት እንደሄደ ብቻ ይጠይቅ።

ስሜትን ለመናገር አማርኛችን ሀብታም ስለሆነ የባዕድ ቃል መዋስ አያስፈልግም። ሆድ ባሰኝ፣ ሆዴን ባር ባር ይለኛል፣ ልቤ ትር ትር አለች፣ ደረቴ ተጨነቀ የሚሉት ሁሉ ልጅ በገዛ ሰውነቱ የሚያውቃቸው ናቸው። «ለምን ታለቅሳለህ? ወንድ አይደለህም?» ከማለት ይልቅ «ሆድ ባሰህ አይደል? እዚህ ነኝ» ማለት ይለመድ። የሚደነግጥ ልጅን ለማረጋጋት ደግሞ የሻይ ብርጭቆ ጥሩ መምህር ነው፦ ባዶ ብርጭቆ በሁለት እጁ ይያዝና ቅርንፉድ ያለበት ትኩስ ሻይ እንደሆነ አድርጎ ሽታውን በአፍንጫው ቀስ ብሎ ይሳብ፤ ከዚያም ሻዩ እንዲበርድ ግን እንዳይፈስ በአፉ በረጅሙ እፍ ይበል። ይህን አምስት ስድስት ጊዜ መደጋገም የልብን ምት ያረጋጋል፤ የሚሠራው ትንፋሹ ሲወጣ ስለሚረዝም ነው። ልምምዱ ልጁ በተረጋጋበት ጊዜ ይደረግ፤ በደነገጠ ጊዜ አዲስ ነገር አይማርም።

ከሁሉ የሚከብደው ስለቀረው ወላጅ እውነቱን መናገር ነው። በብዙ ቤት የሞተች እናት «ሩቅ አገር ሄዳለች» ትባላለች። ሐሳቡ ከርኅራኄ የመጣ ነው፤ ልጁ ግን አንድም ሳትሰናበተኝ ጥላኝ ሄደች ይላል፣ አንድም እውነቱን ከሰፈር ልጅ በስድብ መልክ ይሰማዋል። ትንንሽ ልጆች ደግሞ በራሳቸው ጥፋት የሆነ ይመስላቸዋል፤ «አስቸግሬያት ነው የታመመችው» ብለው ለዓመታት ዝም የሚሉ አሉ። ስለዚህ የሚነግረው ልጁ የሚያምነው ሰው ይሁን፣ ጎብኚው አጠገብ ይቀመጥ፣ ቃሉም ቀጥተኛ ይሁን፦ «እናትህ በጣም ታማ ነበር። ሐኪሞች ሞከሩ፤ ግን ሞተች። የሞተ ሰው አይመለስም። አንተ ያደረግኸው ወይም የተናገርከው ነገር አይደለም የገደላት። ማታ ማታ ከእኔ ጋር ትተኛለህ፤ ትምህርት ቤትም ትሄዳለህ።» ልጁ ሰምቶ ወዲያው ሊጫወት ቢወጣ ግድ የለሽ ነው አይባልም፤ ልጅ ኀዘንን በትንሽ በትንሹ ነው የሚጎርሰው። በሳምንቱ ተመልሶ ያንኑ ይጠይቃል፤ ያንኑም መመለስ ያስፈልጋል።

እናቱ በሕይወት ኖራ አረብ አገር ከሆነች፣ የምትደውልበት ቀንና ሰዓት ቢወሰን ጥሩ ነው፤ በኢሞ ፊቷን የሚያይበት የዓርብ ማታ ለልጁ የሳምንቱ ምሰሶ ይሆናል። ስትደውል የልጁ ጥፋት ዝርዝር እንዳይነበብላት አያትየዋን ይለምኑ። አሠሪዎቿ ስልክ የሚከለክሏት ከሆነ ግን የማይፈጸም ቀጠሮ ከመስጠት «ሲፈቀድላት ትደውላለች» ማለት ይሻላል።

ስለ ቅጣት ሳልናገር ላልፍ አልችልም። በበርበሬ ማጠን፣ በሽቦ መግረፍ፣ በፀሐይ ማንበርከክ ልጅ አያርሙም፤ ቤቱን ራሱን አስፈሪ ያደርጉታል። የበርበሬ ጭስ መተንፈሻን ዘግቶ ሊገድል ይችላል። አሳዳጊዋን ማውገዝ ግን በሩን ይዘጋል፤ ብዙዎቹ እነሱም እንዲሁ ነው ያደጉት። «ሲያናድድዎ እጅዎ ከመነሣቱ በፊት ምን ይሰማዎታል?» ብሎ ጠይቆ፣ በዚያች ቅጽበት ደጅ ወጥተው ፊታቸውን እንዲታጠቡ፣ ከዚያ ተመልሰው አንድ ትእዛዝ ብቻ በዝግታ እንዲሰጡ መስማማት ከስብከት ይልቅ ይሠራል። ልጁ መልካም ሲሠራ በስሙ ጠርቶ ማመስገንም አይረሳ።

አሳዳጊዋን ማሳረፍ

ልጃቸውን ቀብረው የልጅ ልጅ የሚያሳድጉ አያት፣ ለልጁ ሲሉ አላለቀሱም። አንድ ጊዜ የልጁን ነገር ሁሉ ትተው ስለ ሟቿ ይጠይቋቸው፤ ፎቶዋን ያሳዩ። ከቡናው ሦስት ስኒ ሁለቱ ለዚህ ቢውል የባከነ ጊዜ አይደለም። ከዚያ በኋላ ሸክሙን መቁጠር ይጀመራል፦ ውኃ ማን ሊያግዝ ይችላል? በሳምንት ሁለት ከሰዓት ልጆቹን የምትይዝ ጎረቤት አለች? እድሩ ወይም አፎቻው ለለቅሶ እንደሚመጣ ሁሉ ለሕያዋን ሊመጣ ይችላል ወይ? ይህን ጥያቄ ለእድሩ ዳኛ አቅርቦ ሁለት ሴቶች በተራ እንዲያግዙ ማስወሰን፣ ከብዙ ምክር የሚበልጥ ሥራ ነው።

እንቅልፍና ምግብ ያጣች፣ ምንም የማያስደስታት፣ ሕፃኗን ለማንሣት ጉልበት ያነሳት፣ «ከንቱ ነኝ» የምትል እናት ሰነፍ ሳትሆን ምናልባት በድብርት ሕመም የተያዘች ናት፤ ሕመሙም ይታከማል። ጤና ጣቢያ አብረዋት ይሂዱ፤ ወረቀት ሰጥቶ መላክ ብቻውን ብዙ ጊዜ መንገድ ላይ ይቀራል።

ጠበል ወይም ሩቅያ (በቁርኣን የሚደረግ የፈውስ ጸሎት) የሚሄድ ቤተሰብን አይከራከሩ። እምነቱ ለሰዎቹ ብርታት ነው፤ የሚለመነው ሁለት ነገር ብቻ ነው፦ መድኃኒት እንዳይቋረጥ፣ ልጅም እንዳይታሰር፣ እንዳይመታ፣ እንዳይራብ። በተለይ የሚጥል በሽታ መድኃኒት በድንገት ሲቆም የማያባራ መንፈራገጥ ሊያስከትል ይችላል። ልጁ ሲወድቅ ክብሪት ማሽተት አይጠቅምም፤ ከእሳትና ከስለት ማራቅ፣ በጎኑ ማስተኛት፣ አፉ ውስጥ ምንም አለማስገባት ይበቃል፤ ከ5 ደቂቃ በላይ ከቆየ ግን ወዲያውኑ ወደ ሆስፒታል ይወሰድ። የነፍስ አባቱ ወይም ሼኹ መድኃኒቱን እንዲደግፉ ቀድሞ ማነጋገር እጅግ ይጠቅማል።

የማይዘገዩ ጉዳዮች

መሞት እፈልጋለሁ ያለ ወይም በንግግሩ የተሰናበተ ልጅ ከገጠመዎ በቀጥታ ይጠይቁት፦ «ራስህን ለመግደል አስበሃል? እንዴት ብለህ?» መጠየቅ ሐሳቡን አይተክልም፤ ብዙውን ጊዜ ያሳርፋል። ብቻውን አይተዉት። ማላታይን፣ የአይጥ መርዝ፣ በረኪና፣ ትርፍ ክኒንና ገመድ በዚያው ቀን ከቤት ይውጡ ወይም ጎረቤት ቤት ተቆልፎባቸው ይቀመጡ፤ የድንገቱ ሰዓት እስኪያልፍ መርዙን ማራቅ ሕይወት ያተርፋል። ልጁን ይዘው ወደ ድል ጮራ ሆስፒታል ወይም ወደሚቀርበው ጤና ተቋም ይሂዱ፤ የቀይ መስቀል አምቡላንስ በ907 ይጠራል። ከድሬዳዋ 50 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ ሐረር የሚገኘው ሕይወት ፋና ሆስፒታልም በሪፈር የሚላኩበት ነው።

ልጅ ስለ መደፈር ወይም ስለ መነካካት ከተናገረ «አምንሃለሁ፤ ጥፋቱ ያንተ አይደለም» ይበሉና ያዳምጡ፤ መርማሪ ሆነው ደጋግመው አይጠይቁ። በ72 ሰዓት ውስጥ ሐኪም ቤት ከደረሰ ኤችአይቪን የሚከላከል መድኃኒት መጀመር ይቻላል፤ ስለዚህ አይዘግይ፣ የለበሰውም ልብስ አይታጠብ። ለፖሊስና የሴቶችንና የሕፃናትን ጉዳይ ለሚከታተለው ቢሮ ይነገር። ሽማግሌ ልኮ በካሳ መጨረስ ልጁን ከደፈረው ሰው ጋር አንድ ግቢ ውስጥ ያስቀረዋል፤ በዚህ ጉዳይ ላይ ሽምግልና ቦታ የለውም፣ የሚያስታርቀው ሰው ምንም ያህል የተከበረ ቢሆን።

መዝገብና መሰናበት

ከጉብኝት በኋላ፣ ከቤቱ ወጥተው፣ አራት አምስት መስመር ይጻፉ፦ ቀኑን፣ ማን እንደነበረ፣ ምን እንደተስማሙ፣ በሚቀጥለው ምን እንደሚታይ። የልጁ ስም ሳይሆን ቁጥር ይጻፍ፤ ደብተሩም ይቆለፍበት። በሳምንት ከአራት ወይም ከአምስት ከባድ ቤት በላይ አይያዙ፤ ከሌሎች ጎብኚዎች ጋር በየሁለት ሳምንቱ ተገናኝታችሁ የከበዳችሁን ተነጋገሩ። የሰማውን ሁሉ ብቻውን ተሸክሞ የሚተኛ ጎብኚ በስድስት ወሩ መቅረት ይጀምራል፤ የሚጎዳውም ቀን የሚቆጥረው ልጅ ነው።

ቤቱ ሲረጋጋ ጉብኝቱ ከሳምንት ወደ ሁለት ሳምንት፣ ከዚያም ወደ ወር ይራቅ። የመጨረሻው ቀን ቢያንስ ከሦስት ጉብኝት በፊት ለልጁ ይነገረው፤ ከቻለ ቀን መቁጠሪያ ላይ ራሱ ያክብበው። በዚያ ቀን ቡናው ይፈላ፣ ልጁ የተማረውን የሻይ ትንፋሽ ለታናሹ ያሳይ፣ ችግር ሲመጣ የሚጠሩት ጎረቤትና የጤና ጣቢያው ስልክ በትልቁ ተጽፎ በሩ አጠገብ ይለጠፍ። «እንደገና መቼ ትመጣለህ?» ብሎ ከጠየቀ ልጁን ለማስደሰት ሲባል ቀን አይሰጥ፤ «ከእንግዲህ በየማክሰኞው አልመጣም፤ ከከበዳችሁ አኮ ይደውሉልኛል፤ እኔም አነሣለሁ» ይባልና፣ ስልኩ ሲጠራም ይነሣ።